ካቻቪቴውን ከማንሳታችሁ በፊት፦ ስለ ኦቨርሎክ ማሽን ችግሮች

ይህ ጽሑፍ ስለ ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ ስለሚዘመዝመው ማሽን፣ ለልብስ ስፌት ሰልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። አብዛኛውን በተናገርኩት መልክ ትቼዋለሁ። መሃል ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዳንዶቹንም አስገብቻለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሦስት ጥቅል ክር ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ እና ቢጫ። አንድ ወረንጦ፣ አንድ ብሩሽና ጥቂት መርፌም አለኝ። ካቻቪቴ ግን አልያዝኩም። ሆን ብዬ ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ የስፌት ማሽን ጠግኛለሁ። «ኦቨርሎኬ ተበላሸ» ተብዬ ስጠራ፣ ብዙ ጊዜ ደርሼ የማገኘው ያልተበላሸ ማሽን ነው። ወይ ክሩ በትክክል አልገባም፣ ወይ መርፌው ደክሟል፣ ወይ ውስጡን ብናኝ ሞልቶታል። በእውነት የተበላሸ ማሽን የሚያጋጥመኝ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ከቆየ በኋላ ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ብዙዎቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ በቁጠባም ይሁን በብድር አንድ ማሽን ትገዛላችሁ። እሱ ማሽን አንድ ሳምንት ቆመ ማለት የአንድ ሳምንት እንጀራ ቆመ ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፋ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ያገለገለ ባለ ሦስት ክር ኦቨርሎክ ገዝታ ነበር። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራላት። ከዚያ አንድ ቀን የታችኛው ሉፐር ክር ተበጠሰ። ሉፐር ምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ ለጊዜው ከመርፌው ጋር ክር የሚያያይዝ ብረት በሉት። መልሳ አስገባችው። አምስት ስድስት ስፌት ሄደና ተበጠሰ። ደግማ አስገባች፣ ተበጠሰ። ክሩን ቀየረች፣ ያው ነው። ጠጋኝ ጠራች። «ሉፐሩ ቦታውን ስቷል» አላትና ፈትቶ አስተካከለው። አልሆነም። ሁለተኛ መጣ፣ ሁለተኛ ከፈለች። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ጭራሽ ስፌት መዝለል ጀመረ። ይሄ ሁሉ የሆነው በፋሲካ ሰሞን ነው። የሐበሻ ልብስ የሚሰፋ ሰው ፋሲካ ሲደርስ ማሽን ቆመ ማለት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ሄጄ አየሁት። የመጀመሪያው ችግር ምን ነበር መሰላችሁ? የታችኛውን ሉፐር ክር ስታስገባ የመርፌውን ክር ከመርፌው አላወጣችውም። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። እሱን ማስተካከል ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የተፈታውን ሉፐር ወደ ቦታው መመለስ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላችኋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኦቨርሎክ እንደ ሲንጀሩ ከታች ክር የተጠቀለለበት ቦቢን የለውም። በቦቢን ፋንታ ሁለት ጠማማ የብረት ጣቶች አሉት። ሉፐር የምንላቸው እነሱን ነው። አንዱ የላይኛው፣ ሌላው የታችኛው ይባላል። መርፌው ጨርቁን ወግቶ ወርዶ ትንሽ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ከኋላው በኩል ክሩ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። የታችኛው ሉፐር ከግራ ወደ ቀኝ መጥቶ በዚያች ቀለበት ውስጥ ያልፋል። የላይኛው ደግሞ የታችኛውን ሉፐር ክር ይዞ፣ የራሱን ክር እየጎተተ በጨርቁ ጠርዝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። መርፌው እንደገና ሲወርድ የላይኛው ሉፐር ይዞት በመጣው ክር ውስጥ ይገባል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል።

ሹሩባ ስትሠሩ አስቡት። ሦስቱ ዘለላ ተራ አላቸው። ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን በታች እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። አንዱን ዘለላ ያለ ተራው ብታስገቡት ሹሩባው ይቆለፋል። ኦቨርሎክም እንደዚሁ ነው። የመርፌው ክር ከታች ተንጠልጥሎ እያለ የታችኛውን ሉፐር ክር ብታስገቡ፣ ሁለቱ ክሮች ይጠላለፋሉ። ማሽኑ ጥቂት ስፌት ይሄድና ይበጥሰዋል።

ስለዚህ ተራውን ያዙ። በአብዛኛው ማሽን መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው ሉፐር፣ መጨረሻ ላይ መርፌው ነው። የታችኛውን የሚያስቀድሙ ማሽኖችም አሉ። ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ሥዕል እዩ። መርፌው ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። የታችኛው ክር በሥራ መሃል ከተበጠሰ መጀመሪያ የመርፌውን ክር ቁረጡ። በወረንጦ ከፕሌቱ፣ መርፌው ከሚወርድበት የብረት ሰሌዳ፣ ሥር አውጡት። ከዚያ የታችኛውን አስገቡ፣ በመጨረሻ መርፌውን። ብትቸኩሉም ይቺን አትዝለሉ።

አንዲት ሰልጣኝ እዚህ ላይ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ክር በቀየርን ቁጥር ይህን ሁሉ ልናደርግ ነው?» አለችኝ።

አይደለም እህቴ። ቀለም ብቻ ለመቀየር ከሆነ አሮጌውን ክር ጥቅሉ አጠገብ ትቆርጪዋለሽ። አዲሱን በትንሽ ጠባብ ቋጠሮ ታስሪዋለሽ። የክሩን ማጥበቂያ ታላይና ቀስ ብለሽ ቋጠሮው እስኪያልፍ ትስቢያለሽ። መርፌው ላይ ሲደርስ ግን ቋጠሮው በመርፌው ቀዳዳ አያልፍም። እዚያ ትቆርጪና በእጅሽ ታስገቢያለሽ። ማጥበቂያውን ወደነበረበት መመለስ እንዳትረሺ። ይሄ አቋራጭ የሚሠራው ክሩ ባልተበጠሰበት ጊዜ ነው። ከተበጠሰ ግን ወደ ተራው መመለስ ነው።

አሁን ክሮቼን ላሳያችሁ። የላይኛው ሉፐር ላይ ቀዩን፣ የታችኛው ላይ አረንጓዴውን፣ መርፌው ላይ ቢጫውን አደርጋለሁ። ማሽኑ አልተስማማኝም ባላችሁ ቁጥር እንደዚህ አድርጉ። ሁሉም ክር ነጭ ከሆነ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይታይም። በሦስት ቀለም ሲሆን ስፌቱ ራሱ ይነግራችኋል።

በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ስፉ። የተስተካከለ ከሆነ ከፊት በኩል ቀዩ ተዘርግቶ ይታያል፣ ከኋላ አረንጓዴው። ሁለቱ የሚገናኙት ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ቢጫው ከፊት ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ከኋላ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ብቻ ይታያል።

ቀዩ ጠርዙን አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ፣ ወይ ቀዩ ላልቷል ወይ አረንጓዴው በጣም ጠብቋል። አረንጓዴው ወደ ፊት ከወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አረንጓዴው ላልቷል ወይም ቀዩ ጠብቋል። ሁለት ጨርቅ አጋጥማችሁ ሰፍታችሁ ወዲያና ወዲህ ስትስቧቸው ስፌቱ እንደ መሰላል ከተከፈተ የላላው ቢጫው ነው። ጨርቁ በስፌቱ ርዝመት ከተጨማደደ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠበቀው ቢጫው ነው።

አብዛኛው ሰው ይሄን ሲያይ እጁ ቀጥታ ወደ ማጥበቂያው ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ትናንት በደንብ የሠራ ማሽን ዛሬ ጠዋት ክሩ ከላላ፣ ማጥበቂያው ሌሊት ተነስቶ ራሱን አላዞረም። የሆነው ሌላ ነገር ነው። ወይ ክሩ በማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች መሃል በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ በሳህኖቹ መሃል ብናኝ ገብቶ ከፍቷቸዋል። ክሩን ከላይና ከታች በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ሳቡት። ሲገባ ይሰማችኋል። የቤት ማሽን ከሆነ ክር ስታስገቡ ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንሱት፣ ብዙዎቹ ላይ ያን ጊዜ ሳህኖቹ ይከፈታሉ። ብናኝ ከጠረጠራችሁ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ በሳህኖቹ መሃል አሳልፉ። የሚወጣው ጥጥ ያስገርማችኋል።

ከዚህ በኋላም ካልሆነ ማጥበቂያውን ማዞር ትችላላችሁ። አንዱን ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ። የቤት ማሽን ቁጥር አለው፣ ከ3 እስከ 5 ባለው መካከል ጀምሩ። የፋብሪካው ማሽን ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከማዞራችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አንዱን አዙራችሁ ስፉ፣ እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሦስቱንም አንዴ የነካ ሰው የት እንደነበረ ይጠፋዋል።

ክሩ ራሱስ? እሱን ሳላነሳ ባልፍ ትልቅ ነገር ይጎድላል። ባለ ሦስት ክር ኦቨርሎክ 1 ሜትር ጠርዝ ለመዘምዘም 14 ሜትር ያህል ክር ይበላል። ከዚያ ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱን የሚበሉት ሉፐሮቹ ናቸው። መጥፎ ክር ብትገዙ ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። አንድ ክንድ ያህል ተርትራችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ያዙት። አንዳንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ቀጥኖ፣ ዳር ዳሩ ጸጉር ያወጣ ከሆነ አትግዙት። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ክርም በእጅ ሲሳብ ይበጠሳል። ክር መስቀያው ደግሞ እስከ ጫፉ ይወጣና ክሩ ከጥቅሉ ቀጥታ ወደ ላይ ይሂድ። መስቀያው ዝቅ ብሎ ክሩ በጥቅሉ ጠርዝ እየተያዘ የሚበጠስባቸው ስንት ማሽኖች አይቻለሁ።

ወደ መርፌ እንሂድ። ስፌት ሲዘል ከሁሉ በፊት መርፌ ቀይሩ። ዕድሜው ገና ነው፣ ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት አትበሉ። ቀኑን ሙሉ የሠራ መርፌ ጫፉ ይደክማል። በዓይን ላይታይ ይችላል። ጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፣ ከቧጠጠ አልቆለታል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ብታዩት ደግሞ መጣመሙ ይታወቃል።

መርፌ ሲገዛ ኦቨርሎኩን የሚስማማውን ዓይነት ነው የምትገዙት። የፋብሪካ ኦቨርሎኮች ብዙዎቹ ዲሲ 27 የሚባለውን ይጠቀማሉ። የቤቶቹ ደግሞ አንዳንዶቹ የተራውን ስፌት ማሽን መርፌ፣ ሌሎቹ የራሳቸውን። መርፌ መያዣው አጠገብ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገባል» ቢላችሁ አትስሙ። መግባቱ ብቻ አይበቃም። ርዝመቱ በጥቂቱ ከተለየ ሉፐሩ ቀለበቷን አያገኛትም። ቁጥሩ ላይ 90/14 ቢል፣ 90 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.90 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለቲሸርትና ለስስ ጨርቅ 75/11፣ ለመካከለኛው 90/14 ያዙ። ለጀርሲና ለሹራብ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ጠይቁ። ሹሉ መርፌ የሹራቡን ክር ይወጋና ይበጥሰዋል፣ ጨርቁም ሲታጠብ ይተረተራል።

አገባቡ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የብዙዎቹ የቤት ማሽኖች መርፌ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ አዙራችሁ ልታስገቡት አትችሉም። የፋብሪካው መርፌ ግን ላዩ ሙሉ ክብ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ይገባል። ረጅሙ ቦይ ወደ እናንተ ወደ ሰፊው ይዙር፣ ከቀዳዳው በላይ ያለችው የተፋቀች ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ወደ ኋላ። ሉፐሩ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። መርፌው ትንሽ እንኳ ጠመም ብሎ ቢገባ ስፌት ይዘላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍታችሁ አጥብቁት። ሳይደርስ የታሰረ መርፌ ሉፐሩን ይመታል፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

መርፌ የሚሰበርባችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ስለምትጎትቱ ነው። ጨርቁን ከሥር ያለው ጥርስ ይውሰደው። እናንተ ምሩት እንጂ አትሳቡት። በተለይ ወፍራም መጋጠሚያ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ ካስፈለገ መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ።

አሁን ስለ ሽሮ ሜዳ ሥራ ልናገር። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ወደዚያ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። በሸማኔ እጅ የተሠራ ሸማ ኦቨርሎክን ይፈትናል። ድሩና ማጉ ላላ ያለ ነው። ጠርዙ ካልተዘመዘመ በአንድ እጥበት ይፈታል። ሲዘመዘም ደግሞ ከነስፌቱ ተፈልቅቆ ሊወጣ ይችላል። ደንበኛ ቀሚሷን ይዛ ስትመጣ ጥፋቱ በማሽኑ ይላከካል።

ለሸማ ስፌቱን ሰፋ፣ እርምጃውን፣ ማለትም የአንዱን ስፌት ርዝመት፣ ጠበቅ አድርጉት። ለእርምጃው ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ቢላው ከጠርዙ ጥቂት ይቁረጥ፣ የተፈታው ክር ሁሉ ተቆርጦ ስፌቱ ያልተነካ ሸማ ላይ ይረፍ። በጣም ለሳሳው መጀመሪያ በተራው ማሽን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስፉ፣ ኦቨርሎኩ ከእሱ ውጪ ይሂድ። ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን ያ ቀሚስ አይመለስባችሁም። እግሩ ሸማውን እየገፋ የሚያረዝመው ከሆነ የእግሩን ጫና ቀንሱ።

ይሄ የማርዘም ነገር ቲሸርት ላይም ይመጣል። ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ዳር ይሸበሸባል። ብዙ ሰው በክር ያሳብባል። ክር አይደለም፣ ጥርሱ ነው። ኦቨርሎክ ከፊትና ከኋላ ሁለት ጥርስ አለው። ዲፈረንሻል የምንለው የሁለቱን የፍጥነት ልዩነት ነው። 1 ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። ቁጥሩን ወደ 1.5 ወይም 2 ከፍ ስታደርጉት የፊተኛው ጥርስ ከኋለኛው የበለጠ ጨርቅ ያስገባል። የተለጠጠው ጨርቅ ይሰበሰብና ጠርዙ ይተኛል። ስስ ሐር መሰል ጨርቅ ከተጨማደደ ግን ከ1 በታች፣ ወደ 0.7 አውርዱት። ቅድም ጭምደዳ የመርፌ ክር ሲጠብቅ ነው ብያችሁ ነበር። ሁለቱን የምትለዩት እንዲህ ነው፦ የመርፌውን ክር አላልታችሁ ካልተለወጠ ወደ ዲፈረንሻሉ ሂዱ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስለ ቢላ ጠየቀኝ። ጠርዙ ላይ ክር እየተንጠለጠለ ይወጣል አለ። «ቢላው ደነዘ ወይስ ክሩ ላላ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨርቁን ተመልከት። የተቆረጠው ዳር ንጹሕ ከሆነና ክሩ ብቻ ከጠርዙ ውጪ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ቢላው ከሚገባው በላይ እየቆረጠ ነው፣ ወይም የሉፐሮቹ ክር ላልቷል። የተቆረጠው ዳር እንደታኘከ ከሆነ፣ የጨርቁ ክር ራሱ ጥርስ ጥርስ አውጥቶ ከታየህ ቢላው ደንዟል። ጨርቁ ስፌቱ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ከሆነ ደግሞ ቢላው የሚቆርጠው አንሷል፣ ወይም ሉፐሮቹ በጣም ጠብቀዋል።

ቢላዎቹ ሁለት ናቸው። ታችኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ላይኛው እየወረደ ይቆርጣል፣ ልክ እንደ መቀስ። በብዙ ማሽን ላይኛው ከጠንካራ ብረት ነው የሚሠራው። ታችኛው ለስለስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይደንዛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ታችኛውን ቀይሩ። ስትቀይሩ የታችኛው ቢላ አፍ ከፕሌቱ እኩል ይሁን፣ ከፍም ዝቅም አይበል። ላይኛው እስከ ታች ሲወርድ ታችኛውን ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይለፈው። ይሄን ስትሠሩ ሶኬቱ ይነቀል። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ይነቀል። ፔዳሉን በእግሩ ሳያስበው ነክቶ ጣቱን ያጣ ሰው አውቃለሁ። ይሄን ስናገር እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ቢላን የሚገድለው ስፒል ነው። ጨርቅ ስታያይዙ ስፒሉን ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ከስፌቱ ጎን ለጎን አስተኙት። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ሸማም ቢላውን ያደክማል። ከቻላችሁ እሱን በመቀስ ቁረጡት፣ ቢላው ዳሩን ብቻ ይንካ።

ብናኝን ደጋግሜ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኦቨርሎክ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ቀኑን ሙሉ የጥጥ ብናኝ ይውጣል። ሸማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማታ ሥራ ስትጨርሱ ክዳኑን ከፍታችሁ በብሩሽ ጥረጉ። ሉፐሮቹ ዙሪያ፣ ቢላው ሥር፣ ጥርሶቹ መሃል። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት። ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፕሌቱ ላይ ምላስ የመሰለች ቀጭን ብረት አለች። ስፌቱ የሚጠቀለለው በእሷ ላይ ነው። እሷ ላይ ክር ከተጠመጠመ፣ ወይም ጫፏ ከተሸረፈ ማሽኑ የክር ሰንሰለት መሥራት ያቆማል። ሰው ግን ሉፐር ይፈታል። ቀድማችሁ እሷን እዩ።

ክር ያለ ምክንያት እየተበጠሰ ከመሰላችሁ ትንሽ ጥጥ በጣታችሁ ይዛችሁ ክሩ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ሉፐሩ ላይ፣ ምላሷ ላይ፣ ፕሌቱ ቀዳዳ ላይ። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ ጭረት አለ። ክራችሁን የሚቆርጠው እሱ ነው።

ዘይት ላይ አጭር ልሁን። የፋብሪካ ኦቨርሎክ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 7,000 ስፌት ይሰፋል። ያለ ዘይት በዚያ ፍጥነት ቢሮጥ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። አዲስ ማሽን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ተደፍቶ ነው የሚመጣው። ሳትሞሉ እንዳታስነሱት። በጎን ያለው መስታወት ሁለት መስመር አለው፣ ዘይቱ በመካከላቸው ይሁን። ከላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ላይ ማሽኑ ሲሠራ ዘይት ሲረጭ መታየት አለበት። ካልታየ አቁሙ። ነጩን የስፌት ማሽን ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። የመኪና ዘይትና የምግብ ዘይት ይረጋና ይጣበቃል። የምግብ ዘይት የተጨመረበት ማሽን ፈትቼ አጥቤያለሁ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሞተር ያስቀየራችሁ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ያስነካችሁ ጊዜ መዘውሩ በየት በኩል እንደሚዞር እዩ። ማሽኑ ላይ ቀስት አለ። በተቃራኒው ከዞረ ሰንሰለት አይሠራም፣ ዘይትም በትክክል ላይደርስ ይችላል። ክላች ሞተር ያላችሁ ደግሞ ሥራ ስታቆሙ አጥፉት። ሳትሰፉም ውስጡ ይዞራል፣ መብራት ይቆጥራል። ሰርቮ ሞተር የሚዞረው ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ነው። አቅም ስታገኙ ወደ እሱ መቀየር ያዋጣል።

ካቻቪቴ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። አዲስ መርፌ በትክክል ገብቶ፣ ክሩ በተራው ገብቶ፣ ብናኙ ተጠርጎ አሁንም የሚዘል ከሆነ፣ ወይም መርፌ ተሰብሮ ከዚያ በኋላ የብረት ድምፅ ከመጣ፣ ሉፐሩ ተመትቶ ቦታውን ስቷል። ያን ጊዜ ጠጋኝ ጥሩ። ሉፐሩ ከመርፌው ጀርባ የሚያልፈው በጸጉር ውፍረት ያህል ርቀት ነው። በግምት የሚስተካከል ነገር አይደለም። ስትጠሩም ምን ምን እንደሞከራችሁ በዝርዝር ንገሩት። ያኔ ያልተበላሸውን አይፈታባችሁም።

ይሄ ማሽን ለሹራብ ሠሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካ ኮኔክቲከት ግዛት፣ ሜሮው የሚባሉ ቤተሰቦች በራሳቸው የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ ነው የፈጠሩት። ቸግሯቸው ነው የሠሩት፣ የሚተረተረውን ጠርዝ የሚይዝላቸው ነገር አጥተው። እናንተ ዛሬ ሸማ ላይ የምታዩት ችግር ያው ነው። እኔ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ያገለገለ ማሽን መርካቶ ልትገዛ እንደሆነ ነገረችኝ። ምን ማየት እንዳለባት ጠየቀችኝ።

እንዲህ አልኳት። ሻጩ አስቀድሞ ሰፍቶ ያዘጋጀውን ናሙና አትቀበይ። የራስሽን ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ስስ፣ አንድ ወፍራም፣ አንድ የሚለጠጥ። ካገኘሽ የሸማ ቁራጭም ጨምሪ። ሞተሩ ሳይነሳ መዘውሩን በእጅሽ አዙሪ። ሙሉውን ዙር እኩል መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ተዪው። የብሎኖቹን ራስ እዪ። የሉፐሮቹ ብሎኖች ራሳቸው ተበልቶና ተፋፍቆ ከሆነ ብዙ ሰው ፈታቶታል ማለት ነው። የዘይቱን ቀለም በመስታወቱ እዪ፣ ከጠቆረ ለብዙ ጊዜ አልተቀየረም። ከዚያ ሦስቱን ክር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ከቦርሳሽ አውጪና ማሽኑን ባዶ አድርጊው። ራስሽ አስገቢ። ሻጩ «ስጪኝ እኔ ላስገባልሽ» ቢልም አትስጪው። ከዚያ ስፊና ጨርቁን ገልብጠሽ ኋላውን እዪ።

ሦስቱን ጥቅል ክር ለእሷ ሰጠኋት።